ከዋቱ በፊት ቅርንጫፉ፦ የጓሮ ቅርንጫፍ መከትከቻ ማሽን አመራረጥ

በኢትዮጵያ ገጠር ቅርንጫፍ ቆሻሻ ተብሎ አይጣልም። ከአጥር የተከረከመው ጭራሮ ለምድጃ ይውላል፤ ወፈር ያለው እንጨት ለማገር፣ ለድጋፍ ወይም ለመሣሪያ እጀታ ይቀመጣል። ጓሮ ያለው ቤት በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የተከራየ ወይም የገዛ ሰው ግን ነገሩ ተገልብጦ ያገኘዋል። በአጥርነት የተተከለው ቁጥቋጦ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ካልተከረከመ ወደ ጎረቤት ያልፋል፤ የእግረኛውንም መንገድ ያጠብባል። ተከርክሞ የወደቀውን ደግሞ የሚቀበለው ምድጃ የለም። በብዙ የአውሮፓ ከተሞች የአትክልት ቆሻሻን በጓሮ ማቃጠል የተከለከለ ወይም በጥብቅ የተገደበ ነው። በብሪታንያ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ይህን ቆሻሻ ከደጅ ለማንሳት ዓመታዊ ክፍያ ያስከፍላሉ።

የተከመረ ቅርንጫፍ የሚያስቸግረው ከክብደቱ ይልቅ በሚይዘው ቦታ ነው። ከክምሩ አብዛኛው ክፍል በቅርንጫፎቹ መካከል የታመቀ አየር ስለሆነ፣ በመኪና ተጭኖ ወደ መጣያ የሚወሰደውም በአመዛኙ አየር ነው። ይህን ክምር ወደ ጥቂት ከረጢት ፍቅፋቂ የሚለውጠው ማሽን በእንግሊዝኛ ሽሬደር ወይም ቺፐር፣ በጀርመንኛ ሄክስለር፣ በስዊድንኛ ደግሞ ኮምፖስትክቫርን ይባላል።

በመደብር መደርደሪያ ላይ ማሽኖቹ ሁሉ ተመሳሳይ ይመስላሉ፦ ሁለት ጎማ፣ ከላይ የማስገቢያ አፍ፣ ከታች ሣጥን ወይም ከረጢት። በካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚታተመው ቁጥር የሞተሩ ዋት ነው። ይሁን እንጂ እኩል ዋት ያላቸው ሁለት ማሽኖች ፈጽሞ የተለያየ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። አንዱ የፖም ዛፍ ቅርንጫፍ ሲጨፈልቅ፣ ሌላው በዚያው ቅርንጫፍ ይታነቃል። ምርጫው መጀመር ያለበት ከዋቱ ሳይሆን በጓሮው ካለው ተክል ነው።

አንድ ኃይል፣ ሁለት ጠባይ

በቤት ደረጃ የሚሸጡት የኤሌክትሪክ ማሽኖች በዋናነት በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ባለ ምላጭ ማሽን ነው። በውስጡ ጠፍጣፋ የብረት ሰሃን አለ፤ በሰሃኑ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ምላጮች ይታሰራሉ፤ ሰሃኑም በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይዞራል። ሁለተኛው ባለ ሮለር ማሽን ነው። በዚህኛው ሞተሩ በማርሽ አማካይነት ጥርስ ያለው ወፍራም የብረት ጥቅል ያዞራል። የጥቅሉ ፍጥነት በደቂቃ 40 ዙር አካባቢ ብቻ ነው። ጥቅሉ ቅርንጫፉን ነክሶ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ከፊቱ ከቆመው ሰሌዳ ጋር አጣብቆም ይጨፈልቀዋል።

ልዩነቱን ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። የአንድ ዘንግ ኃይል የማዞር ጉልበቱና የፍጥነቱ ብዜት ነው። ስለዚህ ኃይሉ እኩል ሆኖ ፍጥነቱ ሲቀንስ የማዞር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይጨምራል። በማርሹ ውስጥ የሚባክነው ለጊዜው ይቆይና፣ 2,500 ዋት በደቂቃ 4,000 ዙር በሚዞር ሰሃን ላይ ሲውል የማዞር ጉልበቱ 6 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህም አንድ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 600 ግራም ያህል ዕቃ እንደማንጠልጠል ይቆጠራል። ያው 2,500 ዋት በደቂቃ 40 ዙር በሚዞር ሮለር ላይ ሲውል 600 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። በዚያው ዘንግ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው አሁን 60 ኪሎ ግራም ነው።

ባለ ምላጩ ማሽን እንጨት የሚቆርጠው በሞተሩ ግፊት ብቻ አይደለም፤ በሚሽከረከረው ሰሃን ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት በአንድ ምት ስለሚያርፍበት ነው። ቅርንጫፉ ቀጭን ከሆነ ምቱ ይበጥሰዋል፤ ወፍራም ከሆነ ግን ሰሃኑ በእያንዳንዱ ምት ፍጥነቱን እያጣ ይሄድና ይቆማል። ሮለሩ በአንጻሩ ፍጥነት ስለሌለው የሚያጣው ፍጥነት የለም፤ በዝግታ ይጨፈልቃል።

የትኛው ለየትኛው ተክል?

ከዚህ የሚከተለው ምክር ግልጽ ነው። የጓሮው ምርት በአብዛኛው ቅጠል የበዛበት የአጥር ክርካሚና ከጣት የማይወፍር ቀንበጥ ከሆነ ባለ ምላጩ ይሻላል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ክብደቱም ቀላል ነው፤ የሚያወጣውም ደቃቅ ነው። ጉድለቶቹ ደግሞ ጩኸቱ፣ ቅርንጫፉን በእጅ እየገፉ ማስገባት የሚጠይቅ መሆኑና የምላጩ ቶሎ መደነዝ ናቸው። ከቅርንጫፍ ጋር የገባ አፈርና ጠጠር ምላጩን በአንድ ቀን ሊያበላሸው ስለሚችል፣ ከመሬት የተጠረገ ክምር ወደ ማሽኑ ባይገባ ይመረጣል።

በጓሮው የፍራፍሬ ዛፍ፣ ያረጀ ጽጌረዳ ወይም ግንዱ የጠና ቁጥቋጦ ካለ ባለ ሮለሩ ይሻላል። ቅርንጫፉን ራሱ ስቦ ስለሚያስገባ ሠራተኛውን አያደክምም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። የሚቸገረው በለስላሳና በእርጥብ ነገር ነው። ቅጠል ብቻ ሲገባበት ይለጥፋል፤ ረጃጅም ጭረት ያለው ተክል፣ ለምሳሌ የዘንባባ ዝንጣፊ፣ በጥቅሉ ላይ ይጠመጠማል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቴምር ዝንጣፊ ለመክተፍ ባለ ሮለር ማሽን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መመሪያውን ማንበብ ይኖርበታል።

ሮለር በገዙ ሰዎች ዘንድ የሚሰማው የተለመደ ቅሬታ ማሽኑ ቅርንጫፉን እንደ ሰንሰለት እንደተያያዘ ያወጣዋል የሚል ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የማሽን ብልሽት አይደለም። ሰሌዳው ከጥቅሉ ሲርቅ ጥርሱ ቅርንጫፉን እስከ መጨረሻው አይቆርጠውም። በማሽኑ ጎን ያለው ማስተካከያ ሞተሩ እየሠራ በጥቂት በጥቂቱ ይጠበቃል፤ ከታች ደቃቅ የብረት ብናኝ ብቅ ሲል ይቆማል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዓይነት አለ። በእንግሊዝኛ ተርባይን ተብሎ የሚሸጠው ይህ ማሽን ጠርዙ የሰላ ክብ ጥቅል ኖሮት በዝግታ ይቆርጣል። ቅጠሉንም እንጨቱንም ይቀበላል፤ ዋጋው ግን ከሁለቱ ይበልጣል። በባትሪ የሚሠሩም አሉ። ባለ 36 ቮልትና 4 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 144 ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ 1,000 ዋት የሚወስድ ማሽን ከዘጠኝ ደቂቃ በታች ያሠራል። ለአነስተኛ ጓሮ ቀንበጥ ይበቃ ይሆናል፤ ለትልቅ አጥር ግን አይበቃም።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

በማሽኑ ጀርባ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ከካርቶኑ ይልቅ እውነት ትናገራለች። በአውሮፓ በሚሸጡ ማሽኖች ላይ ከዋቱ ጎን «ኤስ 1» ወይም «ኤስ 6» የሚል ምልክት ይገኛል፤ አንዳንዱ ላይ «ፒ 40» ተብሎ ይጻፋል። ኤስ 1 ማለት ሞተሩ የተጻፈውን ኃይል ሳያቋርጥ መስጠት ይችላል ማለት ነው። ኤስ 6 ከ40 በመቶ ጋር ከተጻፈ ግን ሞተሩ በእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ውስጥ በሙሉ ጫና የሚሠራው አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስድስቱን ደቂቃ ያለ ጫና መዞር አለበት። ስለዚህ «2,500 ዋት» ተብሎ የተሸጠ ማሽን በተከታታይ ሥራ የሚሰጠው ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሁለት ማሽኖች የሚወዳደሩት ምልክታቸው አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ማሽኑ የሚቀበለው የቅርንጫፍ ውፍረት ነው። በ20 እና በ40 ሚሊ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ይመስላል። ነገር ግን ክብ እንጨት ተቆርጦ ሲታይ የገጹ ስፋት ከውፍረቱ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ 40 ሚሊ ሜትር የሆነው ቅርንጫፍ ለምላጩ አራት እጥፍ እንጨት ያቀርብለታል። ደግሞም በካርቶኑ የሚጻፈው ከፍተኛው መጠን ነው። በየጊዜው 40 ሚሊ ሜትር የሚያስገባ ሰው 45 የተጻፈበትን ቢመርጥ፣ ከዚያ የወፈረውን ደግሞ በመጋዝ ለይቶ ለማገዶ ቢያስቀምጥ ማሽኑ ዕድሜ ያገኛል።

የእንጨቱ ትኩስነትም ይቆጠራል። ገና እርጥብ የሆነ ቅርንጫፍ ከደረቀው ይልቅ በቀላሉ ይቆረጣል። ክምሩን ለወራት ከማቆየት በተከረከመበት ሳምንት መክተፍ ለምላጩም ለሞተሩም ይበጃል።

ሶኬቱና ገመዱ

የመኖሪያው አገር የኤሌክትሪክ መሥመር ምርጫውን ይወስናል። በአውሮፓ በ230 ቮልት 2,500 ዋት የሚወስድ ማሽን 11 አምፔር ገደማ ይስባል። በአሜሪካ መደበኛው ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፔር ስለሆነ ጣሪያው 1,800 ዋት ነው። በአሜሪካ ወፍራም ቅርንጫፍ የሚበዛበት ሰው ወደ ቤንዚን ማሽን የሚያዘነብልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቤንዚን ማሽን ግን ጭሱ ገዳይ የሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት ጋራዥ ውስጥ በፍጹም መነሳት የለበትም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ማራዘሚያ ገመዱ ነው። 50 ሜትር ርዝመትና 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ውፍረት ባለው ገመድ ላይ 11 አምፔር ሲያልፍ 19 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። 200 ዋት የሚበልጥ ኃይልም ገመዱን በማሞቅ ይባክናል። ገመዱ እንደተጠቀለለ ከተተወ ይህ ሙቀት መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩን ሊያቀልጥ ይችላል። በእነዚህ ማሽኖች የተለመደው ዓይነት ሞተር የማዞር ጉልበቱ ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚቀንስ፣ 8 በመቶ የቮልት መቀነስ 15 በመቶ ጉልበት ያሳጣል። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ገመድ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሲሠራ ግን ኪሳራው 3 በመቶ አይሞላም። ማሽኑ «ጉልበት የለውም» ተብሎ ወደ መደብር ከመመለሱ በፊት ገመዱን መመርመር ይገባል።

ዕቃ ወደ አገር ቤት ለሚልኩም አንድ ማሳሰቢያ አለ። የኢትዮጵያ መሥመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የተገዛ ባለ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ማሽን በትራንስፎርመር ቮልቱ ቢስተካከልለትም ኸርዙ አይለወጥም፤ የተለመደው ሞተር ከታሰበለት ፍጥነት በስድስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃልም። ከአውሮፓ የሚላከው ግን ይህ ችግር የለበትም።

ጎረቤትና ሕግ

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የውጭ መሣሪያዎች የድምፅ መመሪያ እነዚህ ማሽኖች የድምፅ ኃይላቸውን በዴሲቤል የሚገልጽ ምልክት እንዲለጠፍባቸው ያስገድዳል። ቁጥሩን ሲያነቡ ማስተዋል የሚገባው፣ ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር የማይደመር መሆኑን ነው። የ10 ዴሲቤል ብልጫ አሥር እጥፍ የድምፅ ኃይል ሲሆን፣ ለጆሮ እጥፍ ያህል ጎልቶ ይሰማል። አንዳንድ ማስታወቂያ ደግሞ በምልክቱ ላይ ያለውን ትቶ በአንድ ሜትር ርቀት ለጆሮ የሚደርሰውን ይጽፋል። ይህ በገላጣ ቦታ 8 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ስለሚል፣ ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር ያሳስታል።

በጀርመን የመኖሪያ ሠፈሮች መከትከቻ ማሽን በእሑድና በበዓል ቀናት፣ በሥራ ቀናትም ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። በዚያው አገር የተፈጥሮ ጥበቃ ሕጉ የአጥር ቁጥቋጦን ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ከሥሩ ወይም በጥልቀት መቁረጥን ይከለክላል፤ በዚህ ጊዜ የሚፈቀደው አዲስ ያደገውን ቀስ ብሎ መከርከም ነው። ስለዚህ ወፍራሙ ቅርንጫፍ የሚመጣው በመኸርና በክረምት፣ ቀንበጡ በበጋ ነው። ይህም አንድ ቤት በአንድ ዓመት ሁለት ዓይነት ክምር እንደሚኖረው ያሳያል።

የሚወጣው ለምን ይሆናል?

ማሽኑ የሚያወጣው ፍቅፋቂ ለአፈር ሀብት ነው። ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ቅርንጫፍ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቢቆራረጥ ለአየርና ለእርጥበት የሚጋለጠው ገጹ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። እንጨት የሚያበሰብሱት ፈንገሶች የሚገቡት በዚህ ገጽ ስለሆነ መበስበሱ ይፋጠናል። በሮለር የተጨፈለቀው ደግሞ ጭረቱ ስለተሰነጣጠቀ ከንጹሕ ቁራጩ ይልቅ ለፈንገስ ይመቻል። ለኮምፖስት ሲታሰብ ባለ ሮለሩ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል።

እንጨት በካርቦን የበለጸገ፣ በናይትሮጅን የደኸየ ነው። ኮምፖስት በደንብ የሚብላላው ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኖረው ነው፤ በእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ ግን ካርቦኑ በመቶዎች እጅ ይበልጣል። በዚህ የተነሳ ፍቅፋቂ ከታጨደ ሣርና ከወጥ ቤት ተረፈ አትክልት ጋር ይደባለቃል። ብቻውን ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ የሚያበሰብሱት ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ስለሚሻሙ ተክሉ ይቀጭጫል። ከአፈሩ በላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጉዝጓዝ መልክ ሲነጠፍ ግን ይህ ችግር እምብዛም አይታይም። አረም ያፍናል፤ እርጥበትም ይጠብቃል። የዛፉን ግንድ እንዳይነካ ግን ክፍተት መተው ያስፈልጋል።

ሁሉም ተክል ለዚህ አይሆንም። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በካሊፎርኒያ ለአጥር የሚተከለው ዲፍላ ወይም ኦሊያንደር መርዛማ ነው፤ በአውሮፓ የተለመደው ዩው የተባለው ዛፍም እንዲሁ። የሁለቱም ፍቅፋቂ ከብት ወይም ፍየል በሚደርስበት ቦታ መጣል የለበትም። ቼሪ ሎሬል የተባለው ሁልጊዜ ለምለም የሆነ የአጥር ተክል ደግሞ ቅጠሉ ሲደቅቅ ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሚለቅ፣ በገላጣ ቦታ ብቻ ይከተፋል። ትኩሱን ፍቅፋቂ በተዘጋ መኪና ይዞ መሄድም ተገቢ አይደለም።

የእጅ ነገር

የማስገቢያው አፍ ረጅምና ጠባብ የሆነው ለውበት አይደለም፤ የሰው ክንድ ምላጩ ጋ እንዳይደርስ ተለክቶ ነው። አፉን ለማስፋት የሚቆርጥ ወይም የሚነቅል ሰው የራሱን ጥበቃ ያፈርሳል። ባለ ምላጩ ማሽን ከጠፋ በኋላም ሰሃኑ ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል። የታነቀውን ለማውጣት መጀመሪያ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ ቀጥሎ ሰሃኑ እስኪቆም ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ክዳኑ ይከፈታል። ባለ ሮለሩ ወደ ኋላ የሚያዞር ቁልፍ ስላለው ብዙውን ጊዜ ሳይከፈት ይለቃል። ሆኖም ሮለር በዝግታ ስለሚዞር አደጋ የለውም ማለት አይቻልም፤ የያዘውን አይለቅም። ስለዚህ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንዘላዘለ እጅጌና የአንገት ሐብል ከማሽኑ አጠገብ ቦታ የላቸውም።

ሲገዛ ሦስት ነገሮች መኖራቸው ይታይ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ የሚያግድ ቁልፍ፣ ክዳኑ ሲከፈት ሞተሩን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ፣ ከማሽኑ ጋር የሚመጣ መግፊያ። ሶኬቱ በ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ መቁረጫ የተጠበቀ ይሁን። የዓይን መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ የግድ ናቸው።

መግዛት ወይስ መከራየት?

ክምሩ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ማሽኑ ቀሪውን ዓመት ቦታ ይዞ ይቆማል። እንዲህ ባለ ጊዜ ትልቅ ማሽን ለአንድ ቀን ተከራይቶ፣ ሦስት አራት ጎረቤት እንደ ደቦ ተጠራርቶ ክምሩን መጨረስ ከግዢ ሊረክስ ይችላል። የሚገዛ ሰው ደግሞ አስቀድሞ አንድ ቀን ወስዶ ክምሩን ይመልከት፦ ቅጠል ይበዛል ወይስ እንጨት? አብዛኛው ቅርንጫፍ ከጣት ይወፍራል? ሶኬቱ ምን ያህል ይርቃል? የጎረቤት መስኮትስ? ፍቅፋቂው የሚነጠፍበት መደብ አለ? እነዚህ ሲመለሱ የሚቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ማሽኖች ብቻ ናቸው። ዋቱም የሚመዘነው በእነዚያ መካከል ነው።